አባይ ሚዛን

ማርቡርግ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ደረጃው በማያልቅበት፣
ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት ከጣራ በማይነሳበት፣
ከእኔ ወለል ሥር ይኖራል ሄር ቬንትላንድ የሚባለው፣
ስለ እውነት ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ ሠላሳ ዓመት የዋለው።

«ሰው» ይላል በመጽሐፉ፣ «ደግ ነው እስካዩት ድረስ፤
መጋረጃው ሲወርድ ግን፣ አታጣውም ኪሱን ሲዳስስ።»
ይህን መስመር አነበብኩት፣ እሱው በሰጠኝ ቅጂ ላይ፤
ከጎኑ በእርሳስ ጽፏል፦ «ይጣራ። ምናልባት። እስኪታይ።»

ከአባቱ መድኃኒት ቤት፣ ዕቃው ሲሸጥ የቀረ፣
የነሐስ ሚዛን ነበረው፣ ጠረጴዛው ላይ የኖረ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ ድንጋዩ ሳህኑን ሲነካ፣
ቅጭል ይላል፤ እሰማለሁ፤ ወለሉ እንጨት ነው ለካ።
እኔማ መስሎኝ ነበረ፣ ሐሳብ የሚመዝንበት፤
ኋላ አየሁት፦ አንድ ኪሎ ፖም፣ ጧት ከገበያ የመጣለት።

ሄድቪግ ናት የምትሸጥለት፣ ጣቷ በብርድ የተሰነጠቀ፣
ድምፅዋ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አልፎ የዘለቀ፤
«ልክ ኪሎ! አንዲት ግራም እንኳ፣ አልጨምርም ለማንም!»
ትላለች ሚዛኗን ስትጥል፤ ፊቷም ፈገግ አይልም።

ቤት ሲመዝነው ግን ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ አንድ ፖም ይተርፋል።
አንዴ ቢሆን ስህተት ነው፤ ሁለቴም ሰው ይሳሳታል፤
አሥራ አንድ ቅዳሜ ሲሆን፣ ስህተት ስሙን ይለውጣል።

ተማሪውን ቶርበንን ላከ፣ አዲስ ካፖርት የለበሰ፤
ቶርበን ያመጣው ኪሎ ግን፣ ልክ ነው፣ ከልክም ያነሰ።
ሌላ ቀን ከምንጩ ጥግ፣ በጋዜጣ ፊቱን ከልሎ፣
አንዲት መበለት ስትገዛ፣ አየ ሄድቪግን ቀና ብሎ፤
ሌባ ነጋዴ ጣቱን፣ ሳህኑ ላይ ይጭናል፣
የእሷ አውራ ጣት ግን ከሥር ገብቶ፣ ፖሙን ወደ ላይ ያነሳል።
ማንም ሳያይ። ራሷም ሳታይ። እየጮኸች «ግራም አልጨምር»፤
የሚሰጠውን እጇን አፏ ሲክደው፣ እንደ ጠላት ምስክር።

ያን ማታ ሚዛኑ ዝም አለ። ሻይ ይዤ ወደ ታች ወረድኩ፤
ካፖርቱን መስኮት ላይ ሰቅሎ፣ ቁልፍ አልባ ቀዳዳውን ሲዳስስ ደረስኩ።
«ለእሷ» አለኝ፣ «እኔና መበለቷ፣ በአንድ መዝገብ ነን ያለን፤
ሠላሳ ዓመት እውነት ስፈልግ፣ ይህቺን ፖም ነገረችን።»
ሳቀ። ሳቁ ግን አልዘለቀም፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር፤
መጽሐፉ ስለ ፈረሰ ነው? ወይስ በልብሱ ማፈር?
እኔ እንጃ። ሰው የሚያመውን፣ ቦታውን አይናገር።
ምጽዋቱ አይመስለኝም ያመመው፣ የፖሟ ክብደትም አይደለም፤
ሰውን ሲያይ የኖረ ዓይን፣ መታየትን አይለምድም።

«በእናንተ ቋንቋ» ሲል ጠየቀኝ፣ «የሚዋሽ ሚዛን ምን ይባላል?»
«አባይ ሚዛን» አልኩት፣ «አባይ፤ በደለኛ ነው፣ ይረገማል።»
«በራሱ ላይ የሚዋሽስ? ባለቤቱን የሚያጎድል?»
አሰብኩ። ስም አጣሁ። ስም ያወጣነው ለሚበድል።

እንግዲህ እውነቱን ቢነግራት፣ «አየሁሽ ሄድቪግ» ቢላት፣
ከታየች ደግሞ መጽሐፉ፣ በዚያው አንቀጽ ጠለፋት፤
ዝም ቢል ውሸቷን በየሳምንቱ፣ ከነልጣጩ ሊበላ፤
ሠላሳ ዓመት ያወገዘውን፣ በአንድ ፖም ሊለውጥ ኋላ።
«እውነትና ንጋት» ልለው ነበር፤ ተውኩት። በዚህ ከተማ፣
በታኅሣሥ ንጋት ሳይጠራ፣ ይመለሳል ወደ ጨለማ።

ቅዳሜ ተከተልኩት። ዝናብ። ሄድቪግ ጮኸች እንደ ወትሮ፤
አየሁት አፉን ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ አንገቱን ቀብሮ።
«ያለፈው ሳምንት ፖም» አላት፣ «ማር ነበር፤ እንዴት ይጣፍጣል!»
እኔ ቀምሼዋለሁ። ኮምጣጣ ነው። ጥርስ ያጠርሳል።

መጽሐፉ ዛሬም ክፍት ነው፣ «ይጣራ» ያለበት ገጽ ላይ፤
አንድ የፖም ዘር ወድቆበታል፤ ነጥብ ይመስላል፣ ከሩቅ ሲታይ።